አስቸኳይ፦ ቡችላው አልነሳ አለ፣ ነገ ጠዋት ወሳጆቹ ይመጣሉ (ድሬዳዋ)

ሳቢያን_ሰፈር (ማታ 1፡50)
ሰላም ለሁላችሁ፣ በጣም አስቸኳይ ነው። በካርቶን ተጥለው የተገኙ 5 ቡችሎች እኔ ጋ ናቸው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ሁሉም ተቅማጥ ይዟቸዋል። አንዱ ደግሞ ከከሰዓት በኋላ ጭራሽ አልነሳ አለ፣ አንገቱን እንኳ ቀና አያደርግም። ወተት ስሰጠው በአፉ ጎን ይፈሳል። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ሁለቱን የሚወስዱ ሰዎች ከሐረር ይመጣሉ፣ ለሌላ አንድም ቃል የገባ ሰው አለ። ምን ልስጠው? የሰው ፍላጅል ይሆናል? ፋርማሲ ሳይዘጋ ንገሩኝ።

የበርጫ_ሰዓት (1፡54)
አቦ የግመል ወተት ስጠው፣ ጠዋት ጂቡቲ ደርሶ ይመለሳል።

ዝም_አልልም (1፡57)
እስቲ ልጠይቅህ፣ ስታነሳቸው ምን አስበህ ነበር? ሰው ሁሉ ያነሳል፣ በሦስተኛው ቀን «ወሳጅ ፈልጉልኝ» ይላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ወር ዕድሜ በፊት እንደማይሰጥ ታውቃለህ? ወሳጆቹስ ያውቃሉ? በየዓመቱ እንደሚደገምስ? ሳይከተብ የተሰጠ ውሻ ነገ ሰፈር ያስለቅሳል። ቡችላ ሲሰጥ መቼ፣ የት፣ በማን ወጪ እንደሚከተብ ከወሳጁ ጋር ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ኃላፊነት የሚባል ነገር አለ። ይኼን ስል የሚቀየመኝ ይኖራል፣ ግን ዝም አልልም።

የከዚራ_ጥላ (1፡59)
ኦአርኤስ ስጠው።

ቆላ_ሐኪም (2፡03)
ፍላጅል እንዳትሰጠው። ባለ 250 ሚሊግራሙ ክኒን ለአንድ ኪሎ ቡችላ ከሚገባው 15 እጥፍ ገደማ ነው። ወተቱንም አሁኑኑ አቁም። በአፉ ጎን የሚፈሰው መዋጥ አቅቶት ነው፣ ያልፈሰሰው ደግሞ ሳንባው ይገባል። እነዚህን ቶሎ መልስልኝ፦ የተኙት ምን ላይ ነው? ጣትህን አፉ ውስጥ ስትከት ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ድዱ ሮዝ ነው ወይስ ነጭ? ተቅማጡ ደም አለው? ያስመልሰዋል? ስንት ጥርስ አውጥቷል?

ሳቢያን_ሰፈር (2፡09)
በነገራችን ላይ ሴት ነኝ። የተኙት ሴራሚክ ላይ ነው፣ ሙቀቱ ስለማይቻል ቬንትሌተር ከፍቼባቸዋለሁ። አፉ ቀዝቀዝ ይላል። ድዱ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። ደም የለውም፣ ቢጫ ውሃ ነው፣ አያስመልሰውም። ጥርስ ከፊት ትንንሾቹና አራቱ ሹሎች ብቅ ብለዋል፣ የጎን የለም። ዘበኛው የሁለት ወር ናቸው ብሎኛል። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ነው።

ቆላ_ሐኪም (2፡18)
ዘበኛው ተሳስቷል። የሁለት ወር ቡችላ የጎን ጥርሱን ጨርሶ 28 የወተት ጥርስ ይኖረዋል። ያንቺዎቹ 4 ሳምንት ገደማ ናቸው። የቀረው ነገር ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

መጀመሪያ ሙቀት። ድሬ ላይ ሆነን «በረደው» ማለት ያስቃል፣ ግን በዚህ ዕድሜ፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ፣ እርጥብ ቂጡን ይዞ ሴራሚክ ላይ ቬንትሌተር ሥር የተኛ ቡችላ ይበርደዋል። የበረደው ቡችላ አንጀቱ ሥራ ያቆማል፣ ስለዚህ ሳይሞቅ በአፉ ምንም አይገባም። ቬንትሌተሩን ወደ ግድግዳ አዙሪው። ካርቶን ውስጥ ጋዜጣና ፎጣ አንጥፊ። ሁለት ሃይላንድ ለብ ከማለት ትንሽ ሞቅ ያለ፣ እጅሽን የማያቃጥል ውሃ ሞልተሽ በጨርቅ ጠቅልይና ጎንና ጎኑ አድርጊ። የካርቶኑ ግማሽ ባዶ ይሁን፣ ሲሞቀው የሚሸሽበት ይፈልጋል። ዲጂታል ቴርሞሜትር ካለ ጫፉን ቫዝሊን ቀብተሽ በቂጡ ለኪው፦ 38 አካባቢ ጥሩ ነው፣ ከ37 በታች ከሆነ ገና ነው። በቀስታ፣ በሰዓት በሁለት ሰዓት ይሙቅ። በፀጉር ማድረቂያ አይደለም።

እየሞቀ ሳለ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ሲኒ ሞቅ ያለ ውሃ አሟሚና በጣትሽ ድዱን ቀቢው፣ በየ10 ደቂቃው። መንጠባጠብ የለበትም፣ መቀባት ብቻ።

አፉ ሞቆ ጣትሽን መጥባት ወይም መላስ ሲጀምር ኦአርኤስ። አንድ ከረጢት ለአንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ግማሽ ከረጢት በግምት ማለት የለም። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ 5 ሚሊ በየ20 ደቂቃው፣ ለአራት ሰዓት። በሆዱ አስተኝተሽ፣ ከጉንጩ በኩል፣ ጠብ ጠብ እያደረግሽ። እንደ ሕፃን በጀርባው ካስተኛሽው ይታነቃል። ካስመለሰው አንድ ሰዓት አሳርፈሽ በ2 ሚሊ ጀምሪ። የተረፈው ኦአርኤስ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ለሌሎቹ አራቱም ስጪ፣ እነሱ በሳህን ይልሱታል።

ማስመለስ ከጀመረ ወይም ተቅማጡ ደም ቀላቅሎ ክፉ ሽታ ካመጣ ፓርቮ (ቡችላ የሚገድል የአንጀት ቫይረስ) ሊሆን ይችላል። ያኔ የቤት ነገር አይደለም፣ በደም ሥር ፈሳሽ ያስፈልገዋል።

የከዚራ_ጥላ (2፡20)
ኦአርኤስ ጥሩ ነው።

የበርጫ_ሰዓት (2፡21)
ከላይ አንድ ገጽ ተጽፎልሃል እኮ ወንድሜ።

ሳቢያን_ሰፈር (2፡27)
ካርቶኑን ሠራሁ። ግን ሌሎቹ ወተቱን ይወዱታል፣ ታዲያ ምን ይብሉ? የሆዳቸው ነገርስ? ቤት ውስጥ አልቤንዳዞል አለ።

የቡቺ_እናት (2፡35)
ተቅማጡን ያመጣው ወተቱ ራሱ ሳይሆን አይቀርም። የውሻ ወተት ስቡም ፕሮቲኑም ከላም ወተት ከእጥፍ በላይ ነው፣ የወተቱ ስኳር ግን ያነሰ ነው። የላም ወተት በጠጡ ቁጥር ስኳሩ አንጀታቸው ውስጥ ሳይፈጭ ይቀርና ውሃ ይስባል። የፍየልም የግመልም ከዚህ ብዙ አይሻልም፣ የበርጫ ሰዓት ይስማ። አራት ሳምንት ከሞላቸው ልስልስ ምግብ መብላት ይችላሉ። ዛሬ ማታ ለአራቱ ኦአርኤስ ብቻ። ነገ እስኪፈርስ የተቀቀለ ሩዝ፣ በላዩ ተቀቅሎ የደቀቀ የዶሮ ሥጋ ያለ ቆዳና አጥንት፣ ጨው የለ ቅመም የለ። በቀን 4 ጊዜ፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ። የወጥ ትርፍራፊ በፍጹም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻ ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል።

ከበሮ ሆድ ወስፋት ነው። ቡችላ ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ ይይዘዋል፣ ስለዚህ «ከቤት አልወጡም እኮ» አይሠራም። ግን አልቤንዳዞሉን መልሺው፣ ባለ 400ው የሰው ክኒን ነው፣ ለቡችላ መቅኔ አደገኛ ነው። የሚሻለው ፒራንቴል ነው፣ በኪሎ 5 ሚሊግራም፣ በየሁለት ሳምንቱ ይደገማል። ሱቅ ሚዛን ላይ አንድ በአንድ መዝኛቸው፣ በዓይን አትገምቺ። የወደቀው ደግሞ ቆሞ እስኪበላ ድረስ የትል መድኃኒት አይነካውም። በኋላ እንደ ፓስታ ያለ ነገር ሲወጣ እንዳትደነግጪ።

ቁንጫም ካለ ላምባ፣ ዲያዚኖን፣ ፍሊት እንዳትሞክሪ። ቆዳቸው ይመጠዋል፣ ሲላሱም ይውጡታል። በጥሩ ማበጠሪያ ልቀሚ፣ ሲድኑ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ትንሽ አጥበሽ ወዲያው አድርቂ።

የደንገጎ_ንፋስ (2፡44)
እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። የ4 ሳምንት ቡችላ ነገ ጠዋት ለምን ይሰጣል? እናቱስ የት አለች? ቢያንስ 8 ሳምንት አብረው መቆየት አለባቸው።

ሳቢያን_ሰፈር (2፡47)
እናትየው የለችም አልኩ እኮ። ሰዎቹ ከሐረር ነዳጅ አቃጥለው ነው የሚመጡት፣ አሁን አይሆንም ብል ደግመው አይመጡም። አከራዬም እስከ እሑድ አውጪ ብሎኛል።

የበርጫ_ሰዓት (2፡49)
አላልሽም። ካርቶን ነው ያልሽው።

መጋላ_05 (2፡52)
8 ሳምንት የፈረንጅ ነው። ሰፈራችን ውስጥ በወሩ ተወስዶ በሰላም ያደገ ስንት አለ።

የደንገጎ_ንፋስ (2፡58)
የፈረንጅ አይደለም፣ የጥርስ ነው። ቡችላ ከ5ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ወንድሞቹን ሲነክስ እነሱ ይጮሃሉ፣ ጨዋታው ይቆማል። የመንከስ ልክ የሚማረው እንደዚያ ነው። ቀድሞ የወጣ ውሻ ሲጫወትም አጥብቆ ነው የሚነክስ፣ ከዚያ «ክፉ ነው» ተብሎ ይታሰራል ወይ ይጣላል። ደግሞ የታመመ ቡችላ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ሲወጣ መንገድ ላይ ያስመልሳል። ሐረር ሲደርስ ብርዱ አለ።

ሳቢያን_ሰፈር (3፡01)
መንከስ ስትሉ አስታወሳችሁኝ፣ ጥርሳቸው እንደ መርፌ ነው። የአከራዬን ልጅ ትናንት ጣቱን ይዞት ትንሽ ደማ። በአልኮል ጠርጌለታለሁ፣ ደህና ነው።

ዝም_አልልም (3፡02)
!!!!!

ቆላ_ሐኪም (3፡07)
ይኼ ከቡችላውም ይቀድማል። አሁን፣ ልጁ ተኝቶም ከሆነ ቀስቅሳችሁ፣ ቁስሉን በሳሙናና በቧንቧ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት። ሰዓት ያዙ፣ 15 ደቂቃ ከሚመስላችሁ በላይ ረጅም ነው። ከዚያ አልኮል ወይም አዮዲን። አትሸፍኑት፣ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት አታድርጉበት። ቢቻል ዛሬ ማታ፣ ካልሆነ ጠዋት በመጀመሪያው ሰዓት ጤና ተቋም ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ እዚያ ባይኖር የት እንዳለ ይመሩታል። «እናቱ የማትታወቅ፣ ያልተከተበ ቡችላ ነክሶት ደምቷል» በሉ፣ በዚህ ቃል። የደማ ቁስል ከክትባቱ ሌላ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ መድኃኒትም የሚያስፈልገው ዓይነት ነው። ክትባቱ በተቆጠሩ ቀናት ይደገማል፣ አንዱ መዘለል የለበትም። ቤተሰቡ ጠበልም መውሰድ ከፈለገ ይውሰደው፣ መርፌው ግን አይቅር።

ትንሽ ነው፣ ቡችላ ነው አትበሉ። ዕድሜ አይለይም። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

የነከሰው የትኛው ነው?

ሳቢያን_ሰፈር (3፡12)
የወደቀው ይመስለኛል። ወይ ነጭ ጭራ ያለው። ሁለቱ ይመሳሰላሉ።

ቆላ_ሐኪም (3፡19)
እንግዲያው ነገ ማንም ቡችላ ከቤትሽ አይወጣም። የነከሰ ውሻ 10 ቀን ይታያል። ቫይረሱ በነከሰበት ቀን ምራቁ ውስጥ ከነበረ በነዚያ 10 ቀናት ውስጥ ይታመምና ይሞታል። ጤነኛ ሆኖ 10ኛውን ቀን ካለፈ ልጁን በዚያ ንክሻ አልበከለውም ማለት ነው፣ ሐኪሙም ክትባቱን ሊያቆም ይችላል። ግን 10 ቀኑን ጠብቀን እንከተብ አይባልም፣ ክትባቱ ይጀመራል፣ ውሻው ጎን ለጎን ይታያል። የትኛው እንደሆነ ካላወቅሽ አምስቱም ይታያሉ። ለሐረሮቹ ከሰጠሽ ማን ሊያይልሽ ነው?

አሁን የወደቀው ቡችላ የደከመው በርዶት፣ ስኳሩ ወርዶና ውሃው አልቆ የመሆኑ ዕድል በጣም ይበልጣል። ቢሆንም ጓንት አድርጊ፣ ከሌለሽ ሁለት ፌስታል እጅሽ ላይ። ምራቁ የነካው የተላጠ ቆዳ ካለሽ አንቺም ታጠቢ፣ አንቺም ለሐኪሙ ንገሪ። እግዜር አያርገውና ከሞተ አትቅበሪው፣ አትጣይው። በሁለት ፌስታል ቋጥረሽ በረዶ ላይ አስቀምጪ፣ ግን ራሱ በረዶ ሆኖ እንዳይጠጥር፣ ለእንስሳት ጤና ቢሮ ደውይ፣ ምርመራው ከአንጎል ነው የሚሠራው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ በሐረር መንገድ ነው፣ ለቀሩት መታከሚያ እዚያም ጠይቂ።

ዝም_አልልም (3፡22)
እኔ ስናገር ሰው ይቀየማል።

የጁገል_ጎረቤት (3፡30)
ለሐረሮቹ እውነቱን ንገሪያቸው፦ «ታመዋል፣ ልጅ ነክሰዋል፣ 10 ቀን ይታያሉ፣ በ8 ሳምንታቸው ትወስዳላችሁ»። ይኼን ሰምቶ የቀረ ሰው መጀመሪያም ወሳጅ አልነበረም። ስትደውዪ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂያቸው፣ ማታ የት ነው የሚያድሩት? የሐረር ጅብ ለቱሪስት ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ ማታ ማታ ሰፈር ውስጥ ይዞራል። በሩ ሥር ክፍተት ያለው ግቢ ውስጥ የሚያድር ቡችላ ይበላል። በሰንሰለት የታሰረ ውሻማ ካደገም በኋላ መሸሻ የለውም። በር ያለው፣ ከውስጥ የሚዘጋ ማደሪያ ከሌላቸው አትስጪ። «ለጥበቃ ነው፣ ወንድ ብቻ» የሚሉ ከሆነም ሴቶቹን ማን እንደሚወስድ ከአሁኑ አስቢ፣ ሁልጊዜ የሚቀሩት እነሱ ናቸው። ቤት ውስጥ ውሻ አይገባም የሚሉ ሃይማኖተኞችን ግን በዚያ አትጣያቸው፣ ግቢው ውስጥ ጥሩ ማደሪያና የራሱ ዕቃ ካለው ችግር የለም።

መጋላ_05 (3፡34)
በዚህ እንኳ ተስማምቻለሁ።

ሳቢያን_ሰፈር (4፡46)
አፉ ሞቋል። 37.6 አለኝ። ሦስት ጊዜ 5 ሚሊ ወሰደ፣ አንዴ ተፋው። ሽንቱን ሸና፣ ትንሽም ቢሆን አለቀሰ። የልጁን እናት ቀስቅሼ አሳጠብኳት፣ በጣም ተቆጥታለች፣ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። ሐረሮቹ ስልክ አያነሱም፣ መልእክት ጻፍኩላቸው።

ቆላ_ሐኪም (4፡50)
ሽንት ጥሩ ነው። እስከ 7 ሰዓት በየ20 ደቂቃው ቀጥዪ፣ ከዚያ በየሰዓቱ። ሃይላንዱ ሲቀዘቅዝ ቀይሪው፣ የቀዘቀዘ ሃይላንድ መልሶ ሙቀቱን ይወስደዋል።

የበርጫ_ሰዓት (በማግስቱ ጠዋት 1፡40)
ሳቢያን፣ አድሯል? ባጃጅ አለኝ፣ ከዚራ ነኝ። ልጁንና እናቱን ጤና ጣቢያ ላድርስ፣ ሳንቲም አልፈልግም። አድራሻ በውስጥ ላኪ።

የጁገል_ጎረቤት (4፡15)
ሐረሮቹ መጡ እንዴ?

የከዚራ_ጥላ (ከሰዓት 9፡05)
ኦአርኤስ ሞክረሻል?