«ሪኮሉ አልቋል» የተባለ የ2020 ቦልት 80 በመቶ ላይ ይቆማል፤ ባትሪው ተቀይሯል ማለት ነው?

ባለቦልት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። መኪናው የ2020 ሼቪ ቦልት የኤሌክትሪክ መኪና ነው፣ ያገለገለ። ሻጩ «የባትሪው ሪኮል አልቋል» ብሏል (ሪኮሉ ባትሪው እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ፋብሪካው ለማስተካከል ያወጣው ጥሪ ነው)፤ የአሜሪካ የመኪና ደህንነት መሥሪያ ቤት የኤንኤችቲኤስኤ ድረ ገጽ ላይ ቪኑ (የመኪናው መለያ ቁጥር) ሲገባም የቀረ ሪኮል የለም ይላል። ግን ቻርጁ 80 በመቶ ላይ ቀጥ ይላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ቢሰካም አያልፍም። ባትሪው ተቀይሯል ወይስ አልተቀየረም? 80 ላይ መቆሙ ብልሽት ነው? አፓርታማው ሥር ባለው ጋራዥስ ማሳደር ይቻላል? ኡበር ስለሚሠራበት 20 በመቶው ቀላል አይደለም።

ሰርቪስ ክፍል፦
ወንድም፣ «ሪኮሉ አልቋል» እና «ባትሪው ተቀይሯል» ለየቅል ናቸው። ድረ ገጹ ለዚያ ቪን የታዘዘው ሥራ መሠራቱን ይነግርሃል እንጂ ምን እንደተሠራ አይነግርህም። ሥራው ደግሞ እንደ ሞዴሉ ዓመት ይለያያል። ከ2017 እስከ 2019 ያሉት የባትሪ ሞጁላቸው (ሴል የሚባሉት ትንንሽ ባትሪዎች የታሰሩበት ጥቅል) በሙሉ ይቀየራል። ከ2020 እስከ 2022 ላሉት የሼቪ አምራች ጂኤም በ2023 የወሰነው መመርመሪያ ሶፍትዌር መጫን ነው፤ ሞጁል የሚቀየረው ሶፍትዌሩ ችግር ካገኘ ብቻ። ከዚያ ውሳኔ በፊት ባትሪ የተቀየረላቸው የ2020ና የ2021 መኪኖችም ስላሉ ግራ መጋባቱ አይገርምም።

ያንተው ምልክት የሶፍትዌሩ ነው። ጣሪያውን 80 ላይ ያስርና 6,200 ማይል ያህል እስኪነዳ ሴሎቹን ይከታተላል። ምንም ካላገኘ ራሱ ወደ 100 ይመልሰዋል፤ ዲለር ጋ መመለስ የለብህም። ቆጠራው የሚጀምረው ሶፍትዌሩ ከተጫነበት ዕለት ነው፣ መኪናውን ከገዛህበት አይደለም። ማንኛውም የሼቪ ዲለር ሰርቪስ ክፍል ቪኑን ስጥና ሥራው የተሠራበትን ቀን፣ የዚያን ዕለት የኦዶሜትር ንባብና የሥራውን ዓይነት ጠይቅ። ባትሪ ተቀይሮ ከሆነ እዚያው ተጽፎ ታገኘዋለህ። ንባቡ ላይ 6,200 ደምር። ያን አልፎም 80 ላይ ከቆመ መጀመሪያ መኪናው ውስጥ «ታርጌት ቻርጅ ሌቭል» የሚለውን (ቻርጁ የሚቆምበትን መጠን መወሰኛ) እይ፤ የቀድሞው ባለቤት 80 ላይ ትቶት ሊሆን ይችላል። 100 ተደርጎም ካልሞላ ያኔ ቀጠሮ ያዝ።

96ቡድን፦
ለምን 80 ለሚል፦ ባትሪው 288 ሴል ነው፣ ሦስት ሦስቱ በትይዩ ታስረው 96 ቡድን በተከታታይ። ጉድለቱ ከኤልጂ ፋብሪካ የመጣ ነው፦ የተቀደደ የአኖድ ታብ እና የታጠፈ ሴፓሬተር፣ ሁለቱም አንድ ሴል ውስጥ ሲገጣጠሙ። አኖድና ካቶድ የሴሉ ሁለት ዋልታዎች ናቸው፤ ታብ ከዋልታው የሚወጣ የብረት ጫፍ፣ ሴፓሬተር ደግሞ ሁለቱ እንዳይነካኩ የሚጋርድ ስስ ፕላስቲክ ነው። አኖዱ ላይ ያለው ግራፋይት ቻርጅ ሲሞላ ያብጣል፤ የታጠፈችው ቦታ ትጨመቃለች። በዚያ ላይ የሞላ ሴል ቢቀጣጠል የሚለቀው ኃይል ብዙ ነው። በውስጡ የሚያፈስ ሴል ካለ ሁለቱን ጎረቤቶቹን ይዞ ስለሚወርድ የዚያ ቡድን ቮልቴጅ ከሌሎቹ 95 ይለያል። መከታተል የሚቻለውም በዚህ ነው።

ጋራዡን በተመለከተ፦ ምንም ላልተሠራለት መኪና መመሪያው ጥብቅ ነበር። ጣሪያው 90 በመቶ (2017ና 2018 ላይ ቻርጁን ሳይሞላ የሚያቆመውን «ሂል ቶፕ ሪዘርቭ» በማብራት)፣ ቀሪው ከ70 ማይል በታች እንዳይወርድ፣ ቻርጅ አድርገው እንደጨረሱ ውጭ ማቆም፣ ሌሊት ቤት ውስጥ አለመሰካት። ሶፍትዌሩ የተጫነለት ግን ቤት ውስጥ ማደርም ሌሊት መሰካትም ይችላል። ጢስ፣ የመንጣጣት ድምፅ ወይም እንግዳ የሚጣፍጥ ሽታ ካለ ራቁና 911 ደውሉ፤ ገመዱን ልንቀል ብላችሁ አትጠጉ።

ማታ ሹፌር፦
ስለ ኡበሩ፦ የ2020 ባትሪ 66 ኪሎዋት ሰዓት፣ ሙሉው 259 ማይል ነው። 80 በመቶው 207 ማይል ያህል፤ ክረምት ላይ ማሞቂያው ሲበራ ከዚያ ያነሰ። ፈጣን ቻርጀር የሚጠቀም ሰው ግን ብዙም አልተጎዳም። ቦልት ቢበዛ 55 ኪሎዋት ነው የሚወስደው፣ ግማሽ ካለፈ በኋላ ይቀንሳል፣ ከ80 በላይማ ይንቀራፈፋል። ያንን ቆሞ የሚጠብቅ ሹፌር ገንዘቡን እያቃጠለ ነው።

ባለቦልት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዲለሩ ነገረኝ፦ ሶፍትዌር እንጂ ባትሪ አይደለም፣ የተጫነውም 41,300 ላይ። አሁን 44,150 ነው፤ 3,350 ቀርቶኛል ማለት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ብልከውስ?

ሰርቪስ ክፍል፦
ቆጠራው ሳያልቅ አትላከው። ሶፍትዌሩ እዚያ ሆኖ ችግር ቢያገኝ ሞጁል የሚቀይርለት ሰው ከየት ይመጣል? በተረፈ የቤት ቻርጁ በ220 ቮልት ይሠራል። አዲስ አበባ ያሉት መኪኖች ግን አብዛኞቹ የቻይና ናቸው፣ ሶኬታቸውም ጂቢቲ የሚባለው የቻይና ዓይነት ነው፤ የአሜሪካው ቦልት ሶኬት ከእነሱ ቻርጀር ጋር አይገጥምም። ቻርጀሩን ከነገመዱ አብረህ ጫንለት።