ማይቶሲስን (የሕዋስ ክፍፍልን) በእጅ ሥራ ያስተማራችሁ መምህራን፣ እስቲ እርዱኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ 9ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ልጆቹ ቃላቱን ለፈተና ይሸመድዳሉ፤ ፈተናው ሲያልፍ ብን ብሎ ይጠፋል።

ኦስሞሲስ (ውኃ በሕዋስ ሽፋን አልፎ ጨው ወደበዛበት መሻገሩ) ላይ ተሳክቶልኛል። ድንች ልጠን በቀጫጭኑ ቆረጥን። ከፊሉን ንጹህ ውሃ፣ ከፊሉን ጨው የበዛበት ውሃ ውስጥ ነከርን። በማግስቱ የጨዉ ድንች ልፍስፍስ ብሎ እንደ ጎማ ይተጣጠፋል፤ ሌላው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። አንዷ ልጅ በጣቷ እያጎበጠችው «ውኃው ወጥቶበት ነዋ!» አለች። ከዚያ ወዲህ ኦስሞሲስ ሲባል የሚደነግጥ የለም።

የቸገረኝ ማይቶሲስ ነው። የክፍፍሉ ደረጃዎች ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ... ቅደም ተከተላቸው ይምታታባቸዋል። የጫማ ክር ክሮሞዞም (በሕዋስ ውስጥ ዘረ መል የሚሸከመው) አድርገን ዴስክ ላይ እንደረድራለን። ግን ሦስት ሦስት ሆነው ስለሚቀመጡ አንዱ ሲሠራ ሁለቱ ወሬ ይይዛሉ። ማይክሮስኮፕማ አይወራ!

ክፍል ሙሉ ተማሪ ሁሉ የሚነካካው፣ በ40 ደቂቃ የሚያልቅ ዘዴ ያላችሁ? ቆርኪ፣ ካርቶን፣ ክር አላጣም። በተለይ ከሜታፌዝ ወደ አናፌዝ ሲሻገሩ እህትማማች ክሮማቲዶቹን (የአንዱን ክሮሞዞም ሁለት ተመሳሳይ ቅጂዎች) በምን እንደምታስለያዩ ንገሩኝ፤ ድብልቅልቁ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው።