«ዝግጁ ሲሆን ራሱ ያነባል» ማለት ማስተማር ነው?

የሁለተኛ ክፍል እናት፦
የልጄ ትምህርት ቤት ልጅ ተኮር ነኝ ይላል። ስናስመዘግበው ደስ ብሎን ነበር። ሽምደዳ የለም፣ ቁጣ የለም፣ ልጁ የሚወደውን እየመረጠ ይማራል ተባልን። አሁን ሁለተኛ ክፍል ደርሷል፤ አያነብም። በወላጆች ስብሰባ ላይ ይህንኑ ሳነሳ «አይጨነቁ፣ ዝግጁ ሲሆን ራሱ ያነባል» አሉኝ። መልሱ አልዋጥልህ አለኝ። ማታ መጽሐፍ ገልጬ ሰጠሁት። መጀመሪያ ያየው ሥዕሉን ነው። «ፈረሱ ውሃ ጠጣ» ብሎ በኩራት «አነበበልኝ»። ጽሑፉ የሚለው «በቅሎዋ ሣር ጋጠች» ነው። ፊደሎቹን ዞር ብሎም አላያቸው። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፤ ይህ ልጅ ማንም ሳያዘጋጀው እንዴት ነው ዝግጁ የሚሆነው?

ጠመኔ፦
እህቴ፣ ልብሽ የነገረሽን እመኚ። ማንበብ እንደ መራመድ በራሱ አይመጣም። መናገርን ልጅ ከቤቱ ይለቅመዋል። ፊደል ግን የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ታችኛውን ክፍል ነው። ብቻውን ተቀምጦ ፊደል የተገለጠለት ልጅ ገጥሞኝ ከሆነ፣ ቤቱ ውስጥ ያስጠናው ሰው ነበር። «ራሱ ያነባል» የሚል መምህር ደመወዝ የሚበላው በምን ሥራው ነው?

ልጅ ይቅደም፦
ደመወዝን እዚህ ምን አመጣው? ነገሩን በዘለፋ አንጀምረው እንጂ ጋሼ። ልጆች እኩል አይደርሱም። ይህን የወለደ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ በአምስት ዓመቱ ያነባል፣ ሌላው በሰባት። ፊንላንድ ውስጥ ልጆች አንደኛ ክፍል የሚገቡት በሰባት ዓመታቸው ነው፤ ከማንም አላነሱም። ሳይደርስ ያስጨነቁት ልጅ ከመጽሐፍ ጋር ይኳረፋል። እህቴ፣ ልጅሽ ከሥዕል ታሪክ መፍጠሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። አትናቂበት።

የሁለተኛ ክፍል እናት፦
አልናቅኩበትም። ታሪክ መፍጠር ይችላል፣ እኔም እኮራበታለሁ። ማንበብ ግን አይችልም። ሁለቱን ለምን ታቀላቅሉብኛላችሁ?

ቁጥር ይናገር፦
ፊንላንድ ሁልጊዜ ትጠራለች፣ ሙሉውን የሚናገር ግን የለም። አዎ፣ በሰባት ዓመታቸው ይጀምራሉ። ሲጀምሩ ግን መምህሩ ፊደልና ድምፅን በሥርዓት እያገናኘ ያስተምራቸዋል። ጽሕፈታቸውም አንድ ፊደል ለአንድ ድምፅ ነው ማለት ይቻላል፤ ቶሎ ይገባል። መምህሮቻቸው ሁለተኛ ዲግሪ ያላቸው ናቸው። ይህን ሁሉ ትቶ «ይጠብቃሉ» ብቻ ማለት ግማሹን መደበቅ ነው። በአሜሪካ በፈረንጆቹ 2000 ዘገባውን ያወጣው ብሔራዊ የንባብ ፓነልም ብዙ ጥናቶችን አገላብጦ የደመደመው አንድ ነው፤ ፊደልና ድምፅን በቅደም ተከተል ማስተማር ልጆችን ይጠቅማል። እንግሊዝ ከ2012 ጀምሮ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆችን ፊደልን ከድምፅ ማገናኘት መቻላቸውን ትፈትሻለች። ዓላማው የዘገየውን ልጅ ጊዜ ሳያልፍ ማግኘት ነው። «ዝግጁ ሲሆን» የሚል ትምህርት ቤት ይህን ልጅ በምን ያገኘዋል?

ልጅ ይቅደም፦
በማየት ነዋ! ጥሩ መምህር ልጁን ቀኑን ሙሉ ያየዋል። ለስድስት ዓመት ልጅ «አለፍክ፣ ወደቅክ» ማለት ምን ይጠቅመዋል?

ጠመኔ፦
አይቶ ምን አደረገ? ይህችን መልስልኝ። የዚችን እናት ልጅ አዩት፣ አዩት፣ ሁለተኛ ክፍል ደረሰ።

መምህርት ነኝ፦
እኔ የማስተምረው ልጅ ተኮር በሚባል ትምህርት ቤት ነው፣ ሥራዬንም እወደዋለሁ። ስለዚህ ይህ ክርክር ያመኛል። «ዝግጁ ሲሆን ራሱ» የሚለውን አባባል ማንም ባልደረባዬ ቢናገረው እቃወመዋለሁ። ግን በዚህ አሳብባችሁ ሁሉንም አትጠራርጉት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። 52 ሲቀነስ 27 ሰጠኋቸው። አንዱ ልጅ 35 ብሎ ጻፈ። በለመድነው አሠራር ቀይ ኤክስ ያርፍበትና ወደሚቀጥለው ይታለፋል። እኔ «እስቲ እንዴት እንደሠራኸው አሳየኝ» አልኩት። «ከሰባት ላይ ሁለት ሲነሳ አምስት፣ ከአምስት ላይ ሁለት ሲነሳ ሦስት» አለ። አያችሁ? ስንፍና አይደለም። ሁልጊዜ ትንሹ ከትልቁ ነው የሚቀነሰው ብሎ የራሱን ሕግ አውጥቷል። እንጨቶች በአሥር በአሥር አሰርን። አምስት እስርና ሁለት ነጠላ እንጨት ፊቱ አስቀመጥኩ። «እሺ፣ ሰባት ነጠላ ስጠኝ» አልኩት። ሁለት ብቻ ነው ያለው። ዝም ብሎ ቆየ፤ ፊቴን አየ፣ እስሩን አየ፣ ከዚያ የአንዱን እስር ክር ፈታው። ያን ቀን የገባው ነገር ከእጁ አይወጣም። ሃምሳ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ብሠራለት ይህን አያገኝም ነበር።

ጠመኔ፦
መምህርት፣ እጅሽ ይባረክ። ግን ይህ እኔ የምለው ነው! እንጨቱን የመረጥሽው አንቺ፣ ጥያቄውን የመረጥሽው አንቺ፣ ወዴት እንደሚሄድ የምታውቂውም አንቺ። ልጁ ምኑን መረጠ?

መምህርት ነኝ፦
እስሩን መፍታቱን። ያን አልነገርኩትም።

ጠመኔ፦
እንዲፈታው አድርገሽ ነዋ ያሰርሽው።

መምህርት ነኝ፦
አዎን! ልጅ ተኮር ማለት ይኸው ነው። ከልጁ ሐሳብ ተነስቶ ወደ ትምህርቱ መውሰድ። መምህሩ እጁን ያጣጥፍ ያለ ማን ነው? የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ቪጎትስኪ እኮ በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ጽፎታል፤ ጥሩ ትምህርት ልጁ ከደረሰበት ቀድሞ ይሄዳል፣ ዛሬ በእገዛ የሠራውን ነገ ብቻውን ይሠራዋል። አሜሪካዊው የትምህርት ፈላስፋ ዱዊም ቢሆን በ1896 ቺካጎ ላይ የሙከራ ትምህርት ቤቱን ሲከፍት መምህርን ከክፍል አላስወጣም። በ1938 ደግሞ በስሙ እየማሉ ልጆችን ያለ መሪ የለቀቁትን ፊት ለፊት ወቅሷቸዋል።

የድሮ ወረቀት፦
ዱዊ ቢወቅስም የሰማው የለም። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ አጋማሽ ለንደን ውስጥ ዊልያም ቲንዴል በሚባል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች የሚማሩትን እንዲመርጡ ሰፊ ነፃነት ተሰጣቸው። መምህራኑ እርስ በርስ ተጣሉ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጡ፣ ነገሩ ምርመራ ድረስ ሄዶ ዘገባው በ1976 ወጣ። ከዚያ በኋላ መንግሥት «በክፍል ውስጥ ምን እየሆነ ነው» ብሎ ገባ። የሚያሳዝነው አካባቢው ድሃ ነበር። ሀብታሙ ልጁን ያስጠናል፣ አስተማሪ ይቀጥራል። ድሃው ያለው ያ ክፍል ብቻ ነው። ልጅ ተኮር አስተምህሮ፣ ቤቱ በመጽሐፍ የሞላለት ልጅ ቅንጦት ነው።

ልጅ ይቅደም፦
ይህ ትልቅ ሐሰት ነው። ልጅ ተኮር ትምህርትን ካስጀመሩት አንዷ፣ ጣሊያናዊቷ ሐኪም ሞንቴሶሪ በፈረንጆቹ 1907 ሮም ውስጥ የመጀመሪያውን የልጆች ቤት የከፈተችው ሳን ሎሬንሶ በሚባል የድሆች ሰፈር ነው። እናትና አባት ሥራ ሲውሉ ልጆቹን የሚጠብቅ አልነበረም። እነዚያ ልጆች ናቸው ፊደል ያወቁት። በ2006 የታተመ፣ አሜሪካ ውስጥ በሚልዋኪ ከተማ የተደረገ ጥናትም አለ። በዕጣ ሞንቴሶሪ ትምህርት ቤት የገቡትንና ዕጣ ያልወጣላቸውን አወዳደረ። የአምስት ዓመት ልጆች በፊደልም በሒሳብም በልጠው ተገኙ። በዕጣ ነው እንግዲህ፤ የወላጅ ምርጫ ነው ማለት አይቻልም።

ቁጥር ይናገር፦
ጥናቱን አውቀዋለሁ፣ ጥሩ ጥናት ነው። የአሥራ ሁለት ዓመቶቹ ላይ ሲደርስ በንባብና በሒሳብ ጉልህ ልዩነት እንዳልታየም ጨምረህ ብትናገር ደስ ይለኝ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የሞንቴሶሪ ክፍል ገብተህ እይ። ፊደሉ ከአሸዋ ወረቀት ተቆርጦ እንጨት ላይ ተለጥፏል። መምህሯ በሁለት ጣቷ ትከተለዋለች፣ ድምፁን ትናገራለች፣ ልጁ ይደግማል። ቀጥላ «ይህን ድምፅ የሚሰጠው የቱ ነው?» ትላለች። በመጨረሻ «ይህስ ምን ይላል?» ትላለች። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም። ይህ ማስተማር ነው! አንተ ግን ይህን ጠቅሰህ «ራሱ ያነባል» የሚለውን ታድናለህ።

ልጅ ይቅደም፦
ልጁ መቼ እንደሚያነሳው የሚመርጠው እሱ ነው። ይህን ለምን ዘለልከው?

ቁጥር ይናገር፦
ካላነሳውስ?

ልጅ ይቅደም፦
ያነሳዋል።

የሁለተኛ ክፍል እናት፦
የእኔ ልጅ አላነሳውም።

ቁጥር ይናገር፦
አበቃ። አሜሪካ ከ1968 ጀምሮ ፎሎው ስሩ በሚባል ፕሮጀክት ብዙ ዓይነት የማስተማሪያ ዘዴዎችን በድሃ ቤተሰብ ልጆች ላይ ሞከረች። በ1977 ውጤቱ ሲወጣ በመሠረታዊ ትምህርት ቀዳሚ የሆነው መምህሩ ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳበት ዘዴ ነው። ልጆቹም ስለ ራሳቸው ያላቸው ግምት አልወረደም፣ እንዲያውም ከፍ ብሎ ተገኘ።

መምህርት ነኝ፦
አሁን ደግሞ አንተ ግማሹን ደበቅህ። በዓመቱ ጥናቱን የመረመሩት ባለሙያዎች መለኪያው ለአንዱ ዘዴ ያደላል ብለዋል። ደግሞም አንድ ዓይነት ዘዴ የያዙ ቦታዎች ውጤታቸው እርስ በርስ በጣም ይለያይ ነበር። ያው ዘዴ አንዱ ጋ ሠራ፣ ሌላው ጋ ወደቀ። እኔ ከዚህ የምረዳው መምህሩ ማን ነው የሚለው ከዘዴው ስም እንደሚበልጥ ነው።

ጠመኔ፦
መምህሩ ከሆነ ታዲያ መምህሩ ይምራ። እኛ በጊዜያችን ስንመራ ልጁ የማባዣ ሠንጠረዡን በእንቅልፍ ልቡ ይል ነበር።

ልጅ ይቅደም፦
በዱላም ነበር ጋሼ። እሱንም ይናገሩ።

ጠመኔ፦
እኔ ልጅ መትቼ አላውቅም! ማንንም በጅምላ አትክሰስ። ሥርዓት ያለው ክፍል ሁሉ የዱላ ክፍል ይመስልሃል?

የድሮ ወረቀት፦
ይኼ ነው የሚያናድደኝ። ስለ ፊደል ተነሳን፣ ዱላ ላይ ደረስን። ስለ ማስተማር የጠየቀ ሁሉ ልጅ ጠል ይባላል።

ልጅ ይቅደም፦
ልጅ ጠል አላልኩም። እኔ ራሴ በፍርሃት ነው ማንበብ የተማርኩት። ጮክ ብለህ አንብብ ስባል ዛሬም ድምፄ ይንቀጠቀጣል። ልጆቼ ላይ ይህ እንዲደርስ አልፈልግም። ስለዚህ ትዕግሥትን ስትነኩብኝ ዝም አልልም።

የሁለተኛ ክፍል እናት፦
ወንድሜ፣ ይህን ስላካፈልከን አመሰግናለሁ። ልጄን ማንም እንዲያስፈራራው አልፈልግም። ግን እሱ አሁንም እየፈራ ነው። ጓደኛው ምልክቶቹን ሲያነብ እሱ ጫማውን ያስራል። እንደማይችል ገብቶታል። ትዕግሥት የምትሉት ለእሱ ይህን ነው ያደረገለት። ሰኞ እሄዳለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የትኞቹን ፊደላት ያውቃል፣ የትኞቹን አያውቅም? ዝርዝሩን ይስጡኝ።

መምህርት ነኝ፦
ትክክለኛው ጥያቄ ይኸው ነው። ልጁን የምታይ መምህርት ይህን ዝርዝር ወዲያው ታወጣልሻለች። ዓይኑንና ጆሮውንም ይመርመሩት ብለሽ ጠይቂ። ፊደል ሲገለበጥበት ወይም ድምፆች ሲቀላቀሉበት አይተሽ ከሆነም ንገሪያቸው።

ልጅ ይቅደም፦
ሂጂ፣ ግን ልጁ በሌለበት ጠይቂ። ደግሞ ሁሉም ዝርዝር ስላልተያዘ ብቻ መምህሯ አታውቀውም አትበሉ።

ጠመኔ፦
ዝርዝር ከሌላትማ በምን አወቀችው?

ልጅ ይቅደም፦
እንደገና ጀመርነው እንግዲህ።