ሬንጅ ሮቨር ክላሲክ 3.9 ቪ8፦ ሲሞቅ ሚስ ያደርጋል፣ ኮድ 40 እና 44 ያወጣል

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የ1993 ሬንጅ ሮቨር ክላሲክ ነው፤ 3.9 ቪ8፣ የሉካስ ኢንጀክሽን፣ ካታሊስት (የጭስ ማጣሪያ) ያለው። ቀዝቃዛ እያለ ደህና ይሄዳል። ሞቆ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥለት ግን ይንገጫገጫል። ሚኒሞ ላይም ይንቀጠቀጣል፣ በማርሚታው በኩል ፑፍ ፑፍ ይላል። ከፊት ወንበር ስር ያለው የብልሽት ኮድ ማሳያ 40 ያወጣል፤ እሱ ሲጠፋ 44 ይከተላል። የቤንዚን ግፊቱ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ፓምፑ ብቻ እየሠራ 2.5 ባር ነው። ካንዴላና የቤንዚን ፊልትሮ አዲስ ናቸው። ኦክስጅን ሴንሰርና ኢንጀክተሮች (ቤንዚን የሚረጩት) ላዝዝ ነው፤ ከዚያ በፊት ምን ልፈትሽ?

የቪ8 መካኒክ
ወንድሜ፣ ለጊዜው ምንም አትግዛ። 40 ማለት የግራው ረድፍ (ሲሊንደር 1፣ 3፣ 5፣ 7) ሚስ ያደርጋል፣ ማለትም ሳይተኩስ የሚቀር ሲሊንደር አለ ማለት ነው፤ 44 ደግሞ የዚያው ረድፍ ኦክስጅን ሴንሰር ነው። ሁለቱ ተከታትለው ሲመጡ ሴንሰሩን አትጠርጥር። አንድ ሲሊንደር ሳይተኩስ ሲቀር አየሩ ከነኦክስጅኑ ወደ ማርሚታ ይወጣል። ሴንሰሩ ይህን ቤንዚን እንዳነሰ አድርጎ ያነበዋል፣ ኮምፒውተሩም ለረድፉ በሙሉ ቤንዚን ይጨምራል። ትርፉ ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል። ስለዚህ እስኪስተካከል ድረስ ዳገት ላይ አትጫነው።

ግፊቱ ልክ ነው። ኮምፒውተሩንም ተወው፤ በዚህ ሲስተም የአንድ ረድፍ አራት ኢንጀክተሮች የሚከፈቱት ባንድ ላይ ስለሆነ፣ ከኮምፒውተሩ የሚመጣው ማዘዣ ቢበላሽ አራቱም ናቸው የሚያቆሙት።

የማይሠራውን ሲሊንደር ለመለየት የካንዴላ ገመድ አትንቀል። ጥሬ ቤንዚን ካታሊስቱን ይጨርሰዋል፣ መሄጃ ያጣው ከፍተኛ ቮልቴጅም ቦቢናውንና የማቀጣጠያውን ሞጁል (ብልጭታውን የሚያዝዘውን ኤሌክትሮኒክ ክፍል) ይጎዳል። በምትኩ የኢንጀክተሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ ንቀልና መልስ። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ከዚያ መጀመሪያ የስቴፐር ሞተሩን (ሚኒሞ ላይ አየር የሚመጥነውን) ሶኬት አውጣ፤ አለበለዚያ አየር እየጨመረ ዙሩን ይመልሰውና ያሳስትሃል። ሶኬቱ ተነቅሎ ዙሩ ካልወረደ የማይሠራው እሱ ነው። የኢንጀክተሩን ጥቅል በቴስተር ለካው፤ 16 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ከዚያ ካንዴላውን ከጎረቤቱ ጋር ቀያይርና ችግሩ አብሮት ይሄድ እንደሆነ እይ።

አሮጌ ሮቨር
አንድ ነገር ልጨምር። የማቀጣጠያው ሞጁል በሙቀት ቢደክም ኖሮ ስምንቱም ባንዴ ይቆረጡ ነበር፣ የዙር መቁጠሪያውም መርፌ ዘጭ ይል ነበር። አንድ ረድፍ ብቻ ከሆነ ሞጁሉ አይደለም። ችግሩ ካንዴላና ገመድ ሲቀያየር ቦታውን ካለቀቀ፣ ኢንጀክተሩም ደህና ከሆነ፣ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚጨመቀውን ግፊት) ለካ፦ ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ወጥተው፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ። ሁለት ጎረቤታሞች አብረው ካነሱ በመካከላቸው የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ተበልቷል። የአንዱ ካንዴላ ታጥቦ እንደወጣ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ውኃ እየገባ ነው። ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ሆኖ ሲሊንደሩ እምቢ ካለ የካምሻፍቱን ጥርስ ተመልከት፤ ይህ ሞተር እሱን መብላት ይወዳል።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ዙሩ ያልወረደው 7 ላይ ነው። ኢንጀክተሩ 16 ኦም ነው፤ ካንዴላውን ከ5 ጋር ብቀያይርም ችግሩ 7 ላይ ቀረ። በጨለማ ከፍቼ ሳይ ከ7 ገመድ ጫፍ ወደ ማርሚታው ቱቦ ሰማያዊ ብልጭታ ይዘላል፤ የገመዱ ጎማ ቆብ ነጥቶ ተሰነጣጥቋል። ከሌላ ሞተር ገመድ ተውሼ ስሰካበት ሚኒሞው ተስተካከለ። ዳገት ላይ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ይመታል፣ የብረት ኳኳታም አለው።

የቪ8 መካኒክ
እንግዲያው የቀረው የ5 እና የ7 ጉዳይ ነው፤ ኳኳታውን ደግሞ በቀላሉ አትየው። የዚህ ሞተር የመተኮስ ተራ 1-8-4-3-6-5-7-2 ነው። 5 ከተኮሰ በኋላ ተራው የ7 ነው፣ ሁለቱም በግራ በኩል ከኋላ ጎን ለጎን ናቸው። ገመዶቻቸው ተጣብቀው ከሄዱ 5 ሲተኩስ 7 ውስጥ ብልጭታ ይፈጠራል። 7 በዚያን ሰዓት ገና እየጨመቀ ነው፤ ከጊዜው ቀድሞ ይቀጣጠልና ፒስተኑን ይመታዋል። ጭነት ላይ የሚብሰው ግፊቱ ሲጨምር ካንዴላው የሚፈልገው ቮልቴጅ ስለሚጨምር ነው።

ገመዶቹን ሙሉ ስምንቱን ቀይር፤ የተዋስከውን አታቆየው። 5 እና 7 ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሳ.ሜ ይራራቁ። መገናኘታቸው ግድ ከሆነ ተቆራርጠው ይለፉ እንጂ ትይዩ አይሂዱ፤ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍረህ አንድ ላይ እንዳታስራቸው። ሁሉም በመያዣቸው ውስጥ ይቀመጡ፣ የማርሚታውን ቱቦም አይንኩ። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ገልብጠህ በመብራት እይ፦ በሁለት ጫፎች መካከል እንደ እርሳስ መስመር የቀጠነ ጥቁር ነገር ካለ ክዳኑ አልቋል፤ ከክዳኑ ስር የሚዞረውን ሮተርም አብረህ ቀይር። የካንዴላው ክፍተት 0.9 ሚ.ሜ አካባቢ ይሁን።

ኮዱን ለማጥፋት ቁልፉን ክፈት፣ ከማሳያው አጠገብ ያለውን ሶኬት ነቅለህ 5 ሰከንድ ቆይተህ መልሰው። ከዚያ ቁልፉን ዝጋ፣ ዋናው ሪሌይ ቀጭ ብሎ እስኪለቅ ጠብቅና እንደገና ክፈት። ማሳያው ባዶ ከሆነ ጨርሰሃል። 40 ሳይኖር 44 ብቻውን ከተመለሰ ያኔ ሴንሰሩ ላይ ሂድ፤ እሱንም ከመግዛትህ በፊት ከሴንሰሩ በፊት፣ በሞተሩ በኩል ያለው የማርሚታ ጓርኒሲዮን አየር እንደማያስገባ አረጋግጥ።