የሆስፒስ አገልግሎት ጥሩ መሆኑን በምን ልለይ?

ጥያቄ፦ የአባቷ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። አባቴ የሳንባ ካንሰር አለበት፤ አሁን ወደ አጥንቱ ተሰራጭቷል። ሐኪሞቹ ከዚህ በኋላ ኬሞቴራፒ ከሚጠቅመው የሚጎዳው ያመዝናል አሉን። ሆስፒስ፣ ማለትም የማይድን በሽታ ያለበትን ሰው ህመሙን እያስታገሰ የሚንከባከብ አገልግሎት፣ ፈልጉ ብለው መከሩን።

በአካባቢያችን ሁለት አሉ። አንደኛው የራሱ ሕንፃና አልጋዎች አሉት፤ ሲያዩት ያምራል። የሁለተኛው ቢሮ ጠባብ ነው፤ ነርሶቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ነው የሚያክሙት። ሁለቱም ሲያወሩ ጥሩ ናቸው። ወንድሜ ሕንፃ ያለው ይሻላል ይላል። አባቴ ደግሞ «ከቤቴ አልወጣም» ብሏል። አእምሮው ንቁ ነው፤ የሚባለውን ሁሉ ይከታተላል። የሚከብደን ሌሊቱ ነው። ወገቡን ክፉኛ ያመዋል፤ እሱም እኛም ሳንተኛ እናድራለን።

ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠይቃቸው? ሄጄ ሳያቸውስ ምኑን ልመልከት? በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ ሌሊት ተረኛ

አይዞሽ እህቴ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ሆስፒስ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሕንፃውን ለጊዜው ተዪው። አንድ ጥያቄ ይዘሽ ወደ ሁለቱም ሂጂ፦ «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የአባቴ ህመም ቢነሳ ምን ታደርጋላችሁ?»

መልሱን በደንብ አድምጪ። «ይደውሉልን» ብቻ ካሉሽ ገና አልመለሱልሽም። ስልኩን የሚያነሳው ማን ነው? ነርስ ነው ወይስ መልእክት ተቀባይ? የአባትሽን ማኅደር ማየት ይችላል? መድኃኒት መጨመር ቢያስፈልግ በዚያ ሰዓት ሐኪም ያገኛል? ሰው መምጣት ካለበት በስንት ጊዜ ውስጥ ይደርሳል? ይህን ሥራ በየሌሊቱ የሚሠራ ሰው ሳያቅማማ ይነግርሻል። የማይሠራው ወደ ሌላ ወሬ ይወስድሻል። ከቻልሽ ከመፈረምሽ በፊት አንድ ማታ ደውዪላቸው። ስልኩ ቶሎ ይነሳ እንደሆነ፣ ያነሳው ሰው እንዴት እንደሚያናግርሽ ራስሽ ስሚው።

ቀጥሎ የመጀመሪያውን ጉብኝት ተመልከቺ። ጥሩ ነርስ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታናግረው በሽተኛውን ነው። ቁጭ ትላለች። የት እንደሚያማቸው፣ ምን እንደሚያብስባቸው፣ ምን እንደሚያስታግስላቸው፣ እንቅልፍ ይነሳቸው እንደሆነ ትጠይቃለች። ህመሙን ከ0 እስከ 10 ስንት ትሉታላችሁ ትላለች፤ መልሱን ትጽፋለች። መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ተመልሳ ትጠይቃለች። እኔ ከሁሉም በላይ የማየው ይህን ነው። አንዴ የሚጠይቅ ሞልቷል፤ መድኃኒቱ ሠርቶ እንደሆነ ተመልሶ የሚያጣራ ነው የሚያስፈልግሽ። መናገር ያቃታቸው በሽተኞችም ቢሆኑ ህመማቸው ይታያል። ግንባራቸው ይኮማተራል፣ ያቃስታሉ፣ ሲነኩ ይሸሻሉ። ይህን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ለነገ አትበዪው። ካንሰሩ አጥንት ላይ ደርሶ ወገብ ሲያም፣ አልፎ አልፎ ዕጢው ኅብለ ሰረሰርን ሊጫን ይችላል። የአባትሽ እግር ከደከመ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃታቸው ሆስፒስ እስክትመርጪ አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት ሐኪም ይያቸው። ቶሎ ካልታከመ እግራቸው ላይነሳ ይችላል። ሁለቱንም ድርጅቶች «ስለ ወገቡ ምን ምልክት ልጠብቅ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ይህን ካልነገሩሽ ሥራውን አያውቁትም ማለት ነው። ለአጥንት ህመም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ጨረር ብዙዎችን እንደሚያሳርፍም ሊያነሱልሽ ይገባል። ሆስፒስ ገባችሁ ማለት ከሕክምና ሁሉ ወጣችሁ ማለት አይደለም።

መልስ፦ አስታማሚው

እኔ እናቴን አስታምሜያለሁ። መጀመሪያ የያዝነው ድርጅት ስሙም ሕንፃውም ትልቅ ነበር። ግን በየጊዜው አዲስ ሰው ነው የሚልኩት። እናቴ ታሪኳን ለእያንዳንዱ እንደገና ትናገራለች። የትናንቷ ነርስ ያዘዘችውን የዛሬዋ አታውቀውም። እናቴ በመጨረሻ መናገር ሰለቻት፤ ዝም አለች። ዝም ስትል ደግሞ «ዛሬ ደህና ናቸው» ብለው ጽፈው ሄዱ። ያ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቂ። አባትሽን በቋሚነት የምትከታተል ነርስ ማን ናት? እሷ ስታርፍ የሚተካትስ ማን ነው? ደግሞ ቤት የሚቀር መዝገብ አለ ወይ? እያንዳንዱ የመጣ ሰው ያየውን፣ የሰጠውን፣ የቀየረውን የሚጽፍበት ደብተር አልጋው አጠገብ መኖር አለበት። አንቺም ልታነቢው መቻል አለብሽ።

እኛ በኋላ ቀየርን። መቀየር እንደሚቻል ብዙ ሰው አያውቅም። ከመፈረምሽ በፊት «ባይስማማን እንዴት እንወጣለን?» በያቸው፤ በጽሑፍም አስቀምጡት። ክፍያውም እንደዚያው። ምኑ በዋናው ክፍያ ውስጥ ነው፣ ምኑ ለብቻው ይከፈላል? መድኃኒቱ፣ ኦክስጅኑ፣ አልጋው፣ የሌሊት ጉብኝቱ አንድ በአንድ ይጻፍ።

ሁለተኛው ቡድን ሲመጣ ልዩነቱ ወዲያው ነው የታየኝ። እኔን አስተማሩኝ። እናቴን ሳላሳምም እንዴት እንደማገላብጣት፣ አንሶላ እሷ ተኝታ እንዴት እንደሚቀየር፣ ከንፈሯንና አፏን እንዴት እንደማረጥብ አሳዩኝ። የመኝታ ቁስል እንዳይወጣባት ተረከዟንና ዳሌዋን በየቀኑ እያየሁ፣ በየ2 ሰዓቱ ገደማ ጎኗን እቀይር ነበር። እነሱ ቆመው እያዩኝ እኔ እንድሠራው ያደርጉ ነበር። ነርስ በቀን የምትቆየው ትንሽ ሰዓት ነው፤ የቀረው የአስታማሚው ነው። አስታማሚውን የማያሠለጥን ሆስፒስ እኔ አልይዝም።

የአባቷ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ስለ እግሩ ዛሬውኑ ጠየቅሁት፤ ይራመዳል፣ ምንም ድንዛዜ የለውም። ነገ ግን ለሐኪሙ እነግራለሁ።

አንድ የከበደኝ ነገር አለ። የቤት ለቤቶቹ ሞርፊን የሚባለውን ጠንካራ የህመም ማስታገሻ እንደሚጀምሩለት ነገሩን። ወንድሜ «ሞርፊን ከጀመረ በቃ ቶሎ ይሞታል፣ ሱሰኛም ይሆናል» ብሎ ተቆጣ። እኔም እውነቱን ለመናገር ፈርቻለሁ።

መልስ፦ ፋርማሲስቱ

ፍርሃታችሁ የብዙ ቤተሰብ ፍርሃት ነው፤ ወንድምሽን አትቆጪው። ግን ይህ ፍርሃት ብዙ ሰው በህመም እንዲሰቃይ አድርጓል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለካንሰር ህመም መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። እስከ ዛሬ የቀጠለ ፍሬ ነገር አለው፦ መድኃኒቱ ከተቻለ በአፍ ይሰጥ፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይሰጥ። ህመሙ እስኪነሳ አይጠበቅም። ቶሎ የሚሠራው ሞርፊን 4 ሰዓት ገደማ ስለሚቆይ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል። በመሐል ህመም ጥሶ ከወጣ የሚሰጥ ተጨማሪ መጠንም አብሮ ይታዘዛል። መጠኑ ከትንሽ ተጀምሮ እያዩ ይስተካከላል። እንዲህ የተሰጠ ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም። ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱና ሱስ ደግሞ አንድ አይደሉም፤ ለካንሰር ህመም በሥርዓት በሚወስድ ሰው ላይ ሱስ እምብዛም አያጋጥምም።

ለወንድምሽ ይህንንም ንገሪው። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አለ። የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ገና የተገኘባቸውን በሽተኞች ሁለት ቦታ ከፍሎ ተከታተለ። ከካንሰር ሕክምናው ጋር የማስታገሻ እንክብካቤም ቀድሞ የተጀመረላቸው በመካከለኛ ግምት 11.6 ወር ኖሩ፤ መደበኛውን ሕክምና ብቻ ያገኙት 8.9 ወር። ጥናቱ ስለ ሞርፊን ለብቻው አይናገርም፤ የአባታችሁም ሁኔታ የተለየ ነው። ግን ማስታገስ ዕድሜ ያሳጥራል የሚለው ሥጋት መሠረት እንደሌለው ያሳያል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ፤ ሞርፊን ራሱ ጥሩ መፈተኛ ነው። «ከሞርፊኑ ጋር ሌላ ምን ታዛላችሁ?» በያቸው። ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ካልታዘዘ ጥርጣሬ ይግባሽ። ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፤ ይህ ጉዳት እንደ ሌሎቹ በጊዜ አይለመድም። ማቅለሽለሹና ድብታው ግን አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይቀላል። ኩላሊታቸውስ እንዴት ነው ብለው ይጠይቁሻል? ቀስ እያለ የሚለቀቀውን እንክብል ማድቀቅና መሰባበር እንደማይገባ ይነግሩሻል? ቀስቅሰሽ አልነቃ ካሉሽ ወይም ትንፋሻቸው በጣም ከዘገየ ወዲያው እንድትደውዪ ያስጠነቅቁሻል? መድኃኒቱ የት ተቆልፎ እንደሚቀመጥ፣ የተረፈው ለማን እንደሚመለስስ? መድኃኒት ሊያልቅ ሲል ማን እንደሚያድስም እወቂ። ቅዳሜ ማታ የሚያልቅ ሞርፊን ከባድ ነገር ነው።

መልስ፦ በጎ ፈቃደኛ

እኔ ትንሽ ለወንድሟም ልቁምለት። አልጋ ያለው ቦታ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ቤት ውስጥ የማይቻል ህመም ወይም የትንፋሽ ማጠር አለ። አስታማሚው ራሱ የሚወድቅበት ጊዜም አለ። እኔ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ የማገለግልበት ቦታ ብዙ ሰው ለጥቂት ቀን ገብቶ፣ ህመሙ ተስተካክሎለት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ የቤት ለቤቶቹን «ቤት አልሆን ቢለን ወዴት ትልኩናላችሁ?» በያቸው። ሕንፃ ያላቸውን ደግሞ ማታ ስንት በሽተኛ ለስንት ነርስ እንደሆነ፣ አንቺ አብረሽ ማደር ትችዪ እንደሆነ ጠይቂ። ስትጎበኚ የመጥሪያው ደወል ተጭኖ ሰው እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ልብ በዪ።

ደግሞ ቡድኑን እዪ። ዘመናዊውን ሆስፒስ የጀመሩት ሲስሊ ሳውንደርስ ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን እ.ኤ.አ. በ1967 ሲከፍቱ፣ በየተራ ነርስም፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛም፣ ሐኪምም የሆኑ ሰው ነበሩ። ህመም የሥጋ ብቻ አይደለም፣ የሐሳብም፣ የቤተሰብም፣ የመንፈስም ነው ይሉ ነበር። አባትሽ ስለ ሞት ማውራት ቢፈልጉ ማን ያናግራቸዋል? እሳቸው ካረፉ በኋላ እናንተን የሚጠይቅ ሰው አለ? እነዚህን የማይመልስ ቦታ ሥራውን በግማሹ ነው የያዘው።

የአባቷ ልጅ

ደወልኩ፤ ለሁለቱም፣ ማታ። ሕንፃ ያላቸው ጋ ዘበኛ አነሳና ጠዋት ደውዪ አለኝ። የቤት ለቤቶቹ ጋ ነርስ ናት ያነሳችው። ደንበኛ እንዳልሆንን ነግሬያትም ስለ ወገቡ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ ስለ እግሩ ሳልነግራት ራሷ አነሳች። ወንድሜ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ሰማው። ፋርማሲስቱ የጻፉትንም አነበበ። ተስማምቷል።

ግን አንድ ነገር ጠየቃቸው። አባቴ ፊት «ሆስፒስ» እንዳይሉ። ነርሷ እንደዚያ ቃል መግባት አልችልም አለች። ይሄ ክፉ ምልክት ነው?

መልስ፦ ሌሊት ተረኛ

በፍጹም። ጥሩ ምልክት ነው። ጥሩ ነርስ መርዶ ይዛ ሮጣ አትገባም። አትዋሽምም። «ስለ በሽታዎ ምን ያውቃሉ? ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብላ ትጠይቃቸዋለች። ማወቅ አልፈልግም ካሉ ታከብራቸዋለች። ከጠየቋት ግን እውነቱን በለሆሳስ ትነግራቸዋለች። አባትሽ አእምሯቸው ንቁ ነው ብለሻል፤ ከቤቴ አልወጣም ያሉትም እሳቸው ናቸው። ምናልባት ከምታስቡት በላይ ያውቃሉ። ወንድምሽ ነርሷን ብቻዋን ያናግራት፤ ከእሱ ፍርሃት ጋርም መቀመጥ ሥራዋ ነው።

ሲመጡ የሌሊት ስልካቸውን በትልቁ ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ህመሙ የተነሳበትን ሰዓት፣ ቁጥሩን፣ የሰጠሽውን መድኃኒትና ያገኙትን እፎይታ ጻፊ። በመጀመሪያው ቀን ደብተሩን ስጪያት። ሳታነበው ወደ ጎን ካስቀመጠችው ንገሪኝ፤ ሌላ እንፈልጋለን።