የግራፊክስ ኮርሱ ወረቀት፣ እስከ ሐሙስ ያላችሁን በሉ (የከተማችን አታሚዎች ግሩፕ፤ ከዚራ፣ ሳቢያንና መጋላ ሰፈሮቻችን ናቸው)

ጸሐፊ፦ ለ11ኛና 12ኛ ክፍል ልጆች የግራፊክስና ዲዛይን ኮርስ እንዲከፈት የምንጠይቅበት ረቂቅ ተያይዟል። ሐሙስ አስገባዋለሁ፣ በኋላ አልሰማሁም የለም።

የከዚራው፦ ሽፋኑ ላይ «ድሬ ዳዋ» ብሎ ለይቶ የጻፈው ማነው አቦ? አንድ ቃል ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ውስጡን አንብብ እንጂ። ትናንት አንድ ተማሪ የሠርግ ካርድ ስልኩ ላይ በካንቫ ሠርቶ በቴሌግራም በፎቶ ላከልኝ፣ ተጨምቆ መጣ፣ አትሜ ሳወጣው የሙሽራዋ ስም ሻጋታ መሰለ። በፋይል ላክ አልኩት ላከ፣ አሁን ደግሞ ጠርዙ ላይ ትርፍ የለውም፣ 3 ሚሊ ካልተወ መቁረጫው ፊደሉን ይበላዋል። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ በአራቱ የማተሚያ ቀለም ሲታተም ለምን እንደሚደበዝዝ ማስረዳት ሰለቸኝ፣ ክፍል ውስጥ ይማሩት።

የሳቢያኑ፦ ልክ ነህ። ግን አንድ ቃል ነው፣ መታወቂያዬ ላይም አንድ ነው።

የመጋላዋ፦ የኔ ላይ ሁለት ነው ወላሂ

የሳቢያኑ፦ ፎቶ አንሺና ላኪ

የመጋላዋ፦ መታወቂያዬን እዚህ? አበድክ እንዴ

ጋሼ፦ ባቡሩ ከጅቡቲ እዚህ የደረሰው በ1895 ነው፣ ፈረንሳዮቹ እስካሁን በሁለት ቃል ነው የሚጽፏት።

የከዚራው፦ እኛ ፈረንሳይ ነን እንዴ ጋሼ?

ጋሼ፦ እኔ ከእርሳስ ብረት የተሠራ የማተሚያ ፊደል በእጄ ስለቅም አንተ አልተወለድክም። ያኔ ክፍት ቦታው ራሱ እርሳስ ነበር፣ ካላስገባኸው የለም። ዝም ብሎ መጫን አልነበረም።

የከዚራው፦ ይቅርታ ጋሼ። ግን አንድ ቃል ነው።

ጸሐፊ፦ የስሙ ትርጉም ውስጥ ደግሞ እንዳትገቡብኝ፣ አምናም በሱ ነው የተጣላነው።

መምህሩ፦ የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል፣ ላቡ፣ 12 ኮምፒውተር አለው፣ የሚነሳው 5 ነው። ክራክ የሆነ ፎቶሾፕ አልጭንም፣ ኢንክስኬፕ የሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ነጻ ነው። አማርኛውን በዩኒኮድ፣ ማለትም ሌላ ማሽን ላይም በሚነበበው የፊደል ኮድ፣ ይልመዱ፣ በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት ጉንዳን ነው። የከተማችን ታፔላ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ አንድ ላይ ነው፣ በላቲን የሚጻፈው ይረዝማል፣ ቦታ ማከፋፈሉን ካልተማሩ አንዱ ቋንቋ ሁሌ ጥግ ላይ ተጨፍልቆ ይቀራል፣ ከዚያ ኡኡታ ነው።

ጸሐፊ፦ ጥሩ። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በነጻ ማን ይረዳዋል?

የመጋላዋ፦ እኔ አለሁ። ቅዳሜ ሄጄ ላቡን አያለሁ።

የሳቢያኑ፦ እኔም። ከሰዓት ግን የበርጫ ሰዓት ነው እንግዲህ

የከዚራው፦ አሮጌ ፕሎተር፣ ትልቁ ማተሚያ፣ አለኝ፣ ለትምህርት ቤቱ በቅናሽ እሰጣለሁ፣ ወረቀቱ ላይ ይግባ።

ገንዘብ ያዥ፦ ያ የቀለም መርጫ ሄዱ የተደፈነው? ኮርስ ልንጠይቅ ነው ዕቃ ልናራግፍ?

የከዚራው፦ አንተ መጀመሪያ የመዋጮውን ሂሳብ አሳየን። ከጥምቀት ወዲህ ሪፖርት አላየንም።

ገንዘብ ያዥ፦ ደብተሩ ሱቄ ነው፣ መጥተህ እይ። ሌባ ከሆንኩ ቁልፉን ውሰድ።

ጋሼ፦ ተው ልጆች።

የከዚራው፦ ሌባ አላልኩም። ይሁን፣ ፕሎተሩን ተዉት።

ጸሐፊ፦ ሐሙስ አለፈ፣ ሽፋኑ ላይ ስላልተስማማችሁ አላስገባሁም። የመጋላዋ፣ ላቡን አየሽው?

ጸሐፊ፦ የመጋላዋ?

የሳቢያኑ፦ የሠርግ ሰሞን ነው፣ እኔም ለጊዜው አልችልም።

መምህሩ፦ እንግዲያው ክረምት ላይ የሁለት ሳምንት ስልጠና እናድርገው፣ እኔው ላብ ውስጥ።

የሳቢያኑ፦ ለአባላት ልጆች ቅድሚያ ይሰጥ ታዲያ።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ወረቀቱን በዚያ ቀይሬ እልካለሁ። ባነር ያስፈልገናል።

የከዚራው፦ እኔ አወጣዋለሁ። አንድ ቃል አድርጌ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቀለሙን ማን ይከፍላል?