ስለ እናቴ የስኳር መድኃኒትና ስለ ሁዳዴ ጾም

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ በግሪን ካርድ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ከመጡ ጥቂት ወራት ሆኗቸዋል። መድኃኒት ጾም አያስፈታም ብለው ለስኳር የታዘዘላቸውን ግሊቤንክላሚድ ጠዋት በጉንጭ ውኃ ይውጣሉ፤ እህል ግን እስከ 9 ሰዓት አይቀምሱም። ረፋድ ላይ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ላብም ያጠምቃቸዋል። ኪኒኑ ሊያልቅ ነው፣ ኢንሹራንስ የላቸውም፣ ፋርማሲውም የኢትዮጵያን ማዘዣ አልቀበልም ብሏል። የት ልውሰዳቸው?

የአሌክሳንድሪያው፦ በፌዴራል ሕግ ግሪን ካርድ ያለው አዋቂ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ለማግኘት በአብዛኛው 5 ዓመት መጠበቅ አለበት። በፌዴራል መንግሥት የሚደጎሙ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ግን መክፈል ያልቻለን ሰው አይመልሱም፤ ክፍያውንም እንደ ገቢው ይቀንሳሉ። የገቢ ማስረጃና የኪኒኑን ማሸጊያ ይያዙ፤ መድኃኒቱ እዚህ የሚታወቀው ግላይቡራይድ በሚል ስም ነው።

የሲያትሏ ነርስ፦ የወረቀቱ ጉዳይ ይደርሳል፤ ላቡና መንቀጥቀጡ ግን ጊዜ አይሰጥም። ይህ ኪኒን ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ስለሚገፋፋ፣ ምግብ ካልተከተለው ስኳርን ከልክ በታች ያወርዳል፤ ለአረጋውያንም ብዙ የማይመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። ምልክቱ ሲታይ ስኳራቸውን ይለኩ፤ ከ70 mg/dL በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ሰጥተው ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ። መዋጥ ካቃታቸው በአፍ ምንም ሳይሰጡ ወደ 911 ይደውሉ። ጾሙንም ያቁሙ፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም።

የዳላሱ፦ «ያቁሙ» ማለት ለእርስዎ ቀላል ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጾሙ የኖሩ እናት ናቸው፤ ይህን የሚወስኑት የንስሐ አባታቸው እንጂ ነርስ አይደለችም።

የሲያትሏ ነርስ፦ የንስሐ አባታቸው ይጠየቁ እንጂ! ላቡን ቢያዩ ከእኔ ቀድመው ቁርስ ያዝዙላቸዋል።

የስቶክሆልሙ፦ የእኔ እናት ደሴ ናቸው። የስኳር መለኪያ ልኬላቸው ነበር፤ የሌላ ማሽን ስትሪፕ (የደም ጠብታ የሚነካበት ቁራጭ) ስለማይገባበትና የራሱም እዚያ ስለማይገኝ፣ መንገደኛ ካልተገኘ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። በየወሩ የምልከው ገንዘብ ይህን አይገዛም። እናታችሁ አጠገባችሁ ሆነው ስለ ጾም መጨቃጨቃችሁ ያስቀናኛል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ጤና ጣቢያው የቀጠረን ከፋሲካ በኋላ ነው። ጭማቂውን ስሰጣቸው «ልታስገድፊኝ ነው?» ብለው ተቆጡ። እስከዚያ ኪኒኑን ልቀንስባቸው?

የሲያትሏ ነርስ፦ ሳይበሉ አይውሰዱት። መጠኑን ግን እኔ ከዚህ ሆኜ ልወስን አልችልም፤ ዛሬውኑ ደውለው ቀጠሮው እንዲቀርብ ይጠይቁ።

የዳላሱ፦ አስቀድሞ ካህን ቢጠየቅ ኖሮ እናትየው ባልተቆጡ ነበር።